ወደ ሐይቁ የተመለሰው አውቶብስ

ሥራዬን ለአበሻ ማስረዳት ሁሌም ያቅተኛል። «የቱሪዝም አስተባባሪ ነኝ» ስል የአውሮፕላን ትኬት የምቆርጥ የሚመስለው ብዙ ነው። አንዷ ጎረቤቴማ ሊፍት ውስጥ ይዛኝ «ለአዲስ አበባ ቅናሽ የለሽም?» ብላ ስታፋጥጠኝ፣ የለኝም ማለቴን እንደ ንፍገት ቆጥራብኛለች። ይህን ታሪክ ለመረዳት ግን ሥራዬን ማወቅ ይኖርባችኋልና ትንሽ ታገሡኝ።

ከቶሮንቶ የሦስት ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ፣ ሂውረን ሐይቅ ዳር አንድ የገጠር ካውንቲ፣ ወረዳ በሉት፣ አለ። ስሙን ብጠራው ለማንም አይጠቅምም። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ ላሞች፣ ከዚያ መንገዱ ድንገት ያልቅና ውሃ ይመጣል። በበረዶው ወራት ማንም ዝር አይልበትም፤ ሕዝቡ ከሰመር እስከ ሰመር፣ ከበጋ እስከ በጋ፣ የሚኖረው እንግዳ እየጠበቀ ነው። እኔ ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ከሚገኘው አፓርታማዬ ሆኜ ያንን ዳርቻ ለከተማው ሰው አስተዋውቃለሁ። ለቤተ ክርስቲያኖች፣ ለእድሮች፣ ለኳስ ቡድኖች እደውላለሁ። ሰመር ሲመጣ ደግሞ እየተመላለስኩ አውቶብሱ የት እንደሚቆም፣ ሥጋው የት እንደሚጠበስ አስተካክላለሁ። ሽንት ቤቱ ተቆልፏል ብሎ የሚጮኸውን የማባብለውም እኔው ነኝ።

በዚያ ሰመር ቶሮንቶ ዳንፎርዝ አካባቢ ያለ አንድ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ሽርሽሩን ወደ እኛ እንዲያደርግ አግባባሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ተረፈ ረዱኝ። ጋሽ ተረፈ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚሠሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው ናቸው። ከተማው ውስጥ ሰው ሲሞትበት ማን ይንገረው ሲባል መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። መርዶ ያውቁበታል ይባላል።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶብሱ ሊነሳ ሲል አንድ ወጣት እናቱን ደግፎ ገባ። ከኔ አጠገብ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ከጀርባቸው ትራስ አደረገላቸው። ሳሙኤል ይባላል፤ ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ቶሮንቶ ኢቶቢኮ ያለ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። እናቱን እትዬ አስካለን ያመጣቸው በቅርቡ ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም።

«አንቺ ነሽ አሉ የሐይቁ ባለቤት?» አሉኝ እትዬ አስካለ ገና ሳንነሳ።

«ባለቤቷ እንኳ አይደለሁም። ደላላዋ ነኝ።»

ከት ብለው ሳቁ። በዚያች ሳቅ ተዋወቅን። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲሸጡ ነበር የኖሩት፤ ሳሙኤልንም ያሳደጉት ዓሣ እየጠበሱ ነው። ባላቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ቀን ማዕበል ጀልባቸውን ገልብጦ አስቀራቸው።

«ከዳሩ አልተነሳሁም» አሉኝ መስኮቱን እያዩ። «ሰው እህል እዚያው ያመጣልኛል። ግቢ ይሉኛል፣ አልገባም። በመጨረሻ ሐይቁ መለሰው። ሲወጣ የራሱ ሰው ሊቀበለው ይገባል፣ የኔ ልጅ። እኔ ተቀበልኩት።»

«እማዬ፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ወሬ አውሪ» አለ ሳሙኤል ከኋላ።

«ምን ላውራ? ሐይቅ ልታሳየኝ አይደል የምትወስደኝ?»

ከተማውን ለቀን ስንወጣ ማይክ ይዤ የተለመደውን ተናገርኩ። ወደ ውሃው የሚገባ የኮንክሪት ግንብ አለ፣ እሱ አጠገብ እንዳትዋኙ፤ ነፋስ ሲነሳ ግንቡ ሥር ያለው ውሃ ሰውን ወደ ውስጥ ይስባል አልኩ። ልጆቹ አማርኛ እየሰሙ በእንግሊዝኛ ነው የሚያስቡት፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛም ደገምኩት።

«ምሕረት፣ ሐይቅ ነው እኮ!» አለ ሳሙኤል እየሳቀ። «ሐይቅ አይስብም። የሚስበው ባሕር ነው። እኔን ጠይቂኝ፣ ውሃ ውስጥ ነው ያደግኩት።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐዋሳ ላይ እውነቱን ይሆናል። ሂውረን ግን ማዶው አይታይም፤ ሐይቅ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ዞር ብዬ ይህንኑ ነገርኩት፣ «እሺ ደላላ» አለኝ።

እስከ ቀትር ድረስ ደስ የሚል ቀን ነበር። ሥጋው ተጠበሰ፣ ተዘመረ፣ ኳስ ተራገጡ። ከቀትር በኋላ እትዬ አስካለ ፀሐዩ ከበዳቸውና ወደ እንግዳ መቀበያችን ይዣቸው ገባሁ። እዚያ የድሮ የእንጨት የዓሣ ጀልባ ለእይታ ተቀምጧል። አይንኩ የሚል ምልክት አለው፤ እሳቸው መረቡን በሁለት እጃቸው ይዘው መዘኑት።

«ይከብዳል። የኛ ቀለል ይላል» አሉ። «ዓሣው ግን ምነው አይሸትም? ዓሣ የማይሸት ሐይቅ እኔ አላምንም።»

ልመልስላቸው ስል በመስኮቱ ሰው ሲሮጥ አየሁ። ነፋስ ተነስቶ ነበር፤ የባንዲራው ገመድ ብረቱን ይመታል። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ተረፈ በሩን ከፍተው ገቡ። ፈገግ ብለዋል። ሱሪያቸው እስከ ወገባቸው ድረስ ረጥቧል።

«እትዬ አስካለ፣ ሳሚን ትንሽ አሞት ሐኪም ይየው ብለን ላክነው።»

«ምን ሆነ?»

«ሆዱን ነው። ሥጋው ሳይሆን አይቀርም። አይዞዎት።»

ከዚያ ዓይናቸውን ወደ በሩ አደረጉልኝ። ወጣሁ። ውጭ ሲደርሱ ፈገግታው ወደቀና ግድግዳውን ተደገፉ። ሳሙኤልና ጓደኛው ግንቡ አጠገብ ሲዋኙ ነፋሱ ደረሰባቸው። ጓደኛው የግንቡን የብረት መሰላል ያዘ። ሳሙኤል አልያዘም። ወንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው እስከ ደረታቸው ገብተው ፈልገዋል፣ ምንም የለም። የነፍስ አድን ጀልባ በግንቡ ዙሪያ ይዞር ጀመር፤ ሄሊኮፕተርም መጣ። ሴቶቹ ወደ መቀበያው ገብተው እትዬ አስካለን ከበቧቸው። ሻይ ይሰጧቸዋል፣ ስለ አገር ቤት ያወሯቸዋል፣ በመስኮቱ በኩል አንዷ ቆማ ትጋርዳለች። «ደውሉልኝ» ሲሉ «ስልኩ ቻርጅ ጨርሷል» ይሏቸዋል። ከውጭ ሆኜ ስሰማቸው እንዴት ሁሉም ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ውሸት እንደሚያውቁ ገረመኝ፤ ደነገጥኩም።

ጀልባው ከተሰማራ ብዙ ቆይቶ አንዲት ወጣት ፖሊስ መጣች። ከእንግዲህ የምንፈልገው በሕይወት ያለ ሰው አይደለም አለችን፤ በዚህ ነፋስ ዛሬ ላይገኝም ይችላል። ከዚያ «ቤተሰብ አለው?» ስትል ጠየቀች።

«አጎቱ ነኝ» አሉ ጋሽ ተረፈ። አጎቱ አይደሉም።

«እናቱ እዚህ አሉ ሲሉ ሰማሁ።»

«ደም ግፊት አለባት። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ አይነገርም። ቤቷ እናስገባትና፣ ጠዋት ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ እንነግራታለን። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ፖሊሷ ወደ እኔ ዞረች። ካውንቲውን የምወክለው እኔ ነኝ፤ ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አለ። «እውነት ነው? እንዲህ ነው የምታደርጉት?»

እውነት ነበር። የኔ አባት አዲስ አበባ ሲሞት እኔ ሳልሰማ ተቀበረ። ፈተና ላይ ናት፣ ትጨርስ ተብሎ የቶሮንቶ አበሻ ሁሉ እያወቀ እኔ ሰርግ ሄጄ ጨፍሬአለሁ። ፈተናው ካለቀ በኋላ አንድ እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ከፊት የቆሙት ጋሽ ተረፈ ነበሩ። በጣም ጥሩ አድርገው ነገሩኝ፤ ስወድቅ የያዙኝም እሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የዚያን ሰርግ ፎቶ እስከ ዛሬ ማየት አልችልም።

«አዎ፣ ወጋችን ነው» አልኳት።

«እኔ ብነግራቸው ይሻለኝ ነበር» አለች። «ግን የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ። ቤታቸው እስኪደርሱ እታገሣለሁ።»

ጋሽ ተረፈ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ስንመለስም አውቶብስ ውስጥ ከሷ ጎን ተቀመጪ። አንቺን ለምዳሻለች።»

ሁሉም ተሳፈረ። ዕቃው በችኮላ ስለተጫነ ከሰሉ ገና ይጨሳል። እትዬ አስካለ የሳሙኤልን ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አውቶብሱ ሲንቀሳቀስ አንዷ መዝሙር ጀመረች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እያለቀሱ እንዳይሰማባቸው ነው የሚዘምሩት። ከኋላ ያለችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዝም ስትል እናቷ በክርኗ ነካቻት፣ እንደገና ዘመረች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መዝሙር አልሰማሁም፣ ሁለተኛም አያሰማኝ።

መንገዱ በበቆሎው መሃል ይሄዳል። ትንሽ እንደሄድን እትዬ አስካለ ቦርሳውን ከፈት አድርገው ወደ እኔ አዘነበሉት። ነጭ ስኒከር ነው፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ።

«ጫማው እኔ ጋ ነው» አሉ።

«አዎ፣ በአምቡላንስ ስለሆነ የሄደው…»

«ሆዱን ያመመው ሰው ጫማ አያደርግም?»

መልሴን አልጠበቁም። አንገታቸውን ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከሩ፤ የወንበሩ መደገፊያ ከለከላቸው።

«ውሃው በየት በኩል ነው?»

«ከኋላችን ነው።»

«እየራቅን ነው?»

«አዎ።»

«ጠዋት ያወራሁሽን ታስታውሻለሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው በጣም ቀጭን ነበር።

ያኔ ገባኝ። አፍ አውጥተው ልጄ ሞተ ወይ ብለው አይጠይቁኝም፤ ከጠየቁ እውነት ይሆንባቸዋል። ጋሽ ተረፈን ፈለግሁ፣ አራት ወንበር ወደ ኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ። ብነግራቸው ደም ግፊቱ ይገድላቸዋል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብል ደግሞ ነገ ጠዋት በራቸው ይንኳኳል፤ ልጃቸው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ውሃ ውስጥ ይሆናል፤ ሲወጣ የሚቀበለው ሰው አይኖርም። እያንዳንዱ ማሳ ሲያልፍ ከሐይቁ እየወሰድኳቸው ነው።

እጃቸውን ያዝኩ። «እትዬ አስካለ፣ ሳሙኤል ሆስፒታል አይደለም። ውሃው ውስጥ ነው። አልወጣም።»

መዝሙሩ ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። ከዚያ እትዬ አስካለ ጮኹ። ያን ጩኸት ልጽፈው አልሞክርም። ሹፌሩ ስሪላንካዊ ነበር፣ አንድ ቃል አማርኛ አያውቅም፤ ወዲያው መኪናውን ጥግ አስያዘ። ይዘናቸው ወረድን። በቆሎው ዳር ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ እጃቸውን ለመያዝ ይታገላሉ።

«ምነው ምሕረት!» አሉኝ ጋሽ ተረፈ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ምነው! አውላላ ሜዳ ላይ? ብትሞትብንስ? ካንቺ ይሄን አልጠብቅም ነበር!»

«ጋሽ ተረፈ፣ ቀድመው አውቀውታል።»

«ማወቅና መስማት አንድ ነው? አንድ ነው ወይ?»

ሌሎቹም አዩኝ። አንድ ሰው «ካናዳዊት ሆናለች እኮ» ሲል በግልጽ ሰማሁት። እትዬ አስካለ ግን በዚህ መሃል ጩኸታቸውን አቁመው ነበር። ነጠላቸውን ከመሬት አንስተው ወገባቸውን አሰሩ።

«መልሱኝ» አሉ።

«እትዬ አስካለ፣ መጀመሪያ ቤት ገብተን…» ጋሽ ተረፈ አጎነበሱላቸው።

«ልጄ ውሃ ውስጥ ነው። ምን ቤት አለኝ?»

ሹፌሩ ወደ እኔ አይቶ በእጁ ወደ ኋላ አመለከተ፤ አዎ አልኩት። አንድም ሰው እኔ ልውረድ፣ ነገ ሥራ አለኝ አላለም። ይህን መመስከር አለብኝ፤ የተቆጡኝም ጭምር ተመልሰው ተሳፈሩ። በመልሱ መንገድ የዘመረ የለም።

ዳርቻው ላይ ስንደርስ ጀልባው ገና ይዞር ነበር። እትዬ አስካለ አሸዋው ላይ ተቀመጡ፣ ጫማውን ከጎናቸው አደረጉ። መቀበያውን ከፈትኩ፤ የሰፈሩ ሰዎች ብርድ ልብስና ትኩስ ሾርባ ይዘው መጡ። ፖሊሷ አጠገባቸው ተንበርክካ ጀልባው ምን እንደሚሠራ ስትነግራቸው እኔ ተረጎምኩ። እሳቸው ውሃውን ብቻ ያያሉ። ጋሽ ተረፈ ጃኬታቸውን አልብሰዋቸው ከኋላቸው ቆሙ። እኔን አላናገሩኝም።

በማግስቱ ነፋሱ ሲተኛ ነፍስ አድኖቹ አገኙት። ፖሊሷ እትዬ አስካለን እንዳያዩት ብትለምናቸውም ተነሱ፣ መንገድ ለቀቅንላቸው። አጠገቡ ተንበረከኩና «መጣህ?» አሉት። «መጣህ የኔ ልጅ?» በነጠላቸው ጫፍ ከጆሮውና ከቅንድቡ ላይ አሸዋውን ጠረጉለት። ጊዜ ወስደው ነው የጠረጉት። ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም።

የቀረው እንደምትገምቱት ነው፤ ከምትገምቱትም ይከፋል። ከቀብሩ በኋላ እትዬ አስካለ ወደቁ፣ ግማሽ ጎናቸው ሰነፈ፣ ሆስፒታል ሰነበቱ። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ይህ ነው አላሉም፤ ሰዉ ግን አለ። ምሕረት ናት፣ አውላላ ሜዳ ላይ መርዶ የጣለችባቸው ተባለ። ለቅሶ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጋሽ ተረፈ አንድ ጊዜ ብቻ አነጋገሩኝ፤ «ወጉ የተሠራው ለዚህ ነው» አሉኝ። ተሳስተዋል ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። ምናልባት ቤታቸው ገብተው፣ ተኝተው፣ እህል ቀምሰው ቢሰሙት ኖሮ ዛሬ ቀኝ እጃቸው ይሠራ ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከራሴ ላይ ወርዶልኝ አያውቅም።

ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ ልለቅ ግን ብዙ ቀን አስቤአለሁ። ግንቡ አጠገብ የሕይወት ቀለበትና ማስጠንቀቂያ ተተከለ፤ አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሃው ረግቶ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይበትን ፎቶ ከማስታወቂያችን አስወጥቼ፣ ማዕበል ያለበትን አስገባሁ። አለቃዬ «ይህ ፎቶ እንግዳ ይጠራል?» አለኝ፤ «ሐይቁ ይሄ ነው» አልኩት። አውቶብስ ሲመጣ ደግሞ ስለ ነፋሱ ከተናገርኩ በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ከመካከላችን አንዱ ክፉ ቢደርስበት፣ ቤተሰቡ መቼና እንዴት መስማት እንደሚፈልግ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። «ገና በጠዋቱ ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ይሉኛል። ይበሉኝ። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ሟርት ቢመስላችሁም ዛሬ ማታ ከቤታችሁ ሰው ጋር ተጫወቱት። አንዱ እንቅልፉን ጨርሶ መስማት ይፈልጋል፣ አንዱ እዚያው መሆን ይፈልጋል። ሳትጠይቁት ልታውቁለት አትችሉም።

እትዬ አስካለ ወደ ሐዋሳ ከመመለሳቸው በፊት አስጠሩኝ። ሳሙኤል ይኖርበት በነበረው አፓርታማ፣ ከሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጩ ጫማ ታጥቦ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል።

«ሦስት ሰዓት መንገድ ነበር አይደል?» አሉኝ። አንደበታቸው ትንሽ ይከብዳቸው ነበር።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ዝም ብትዪኝ እስከ ቤት ድረስ ልጄ በሕይወት ይኖርልኝ ነበር። ሆዱን አሞት፣ ተኝቶ፣ እናቴስ የት አለች እያለ። እሱን ወሰድሽብኝ።»

አንገቴን ደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ሳለቅስ አዩኝ፤ አይዞሽም አላሉኝም።

«ግን ሲወጣ ያየው የኔ ዓይን ነው» አሉ።

ከዚያ በግራ እጃቸው ፔርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ ሻይዬ ላይ ስኳር ስንት እንደማደርግ ጠየቁኝ።